አበባዋ ጾም ገባች

ወንጌላዊት ከኮሌጁ ሬጅስትራር ቢሮ ውላ ግሽ አባይ ሰፈር ያለው ቤታቸው ስትገባ የረግረግ ሽታ ተቀበላት። ሽታው የመጣው ከመስኮቱ ሥር ካለችው ከእናቷ የአበባ ተክል ነው። ይህች አበባ ቅጠሏ ሰፋፊ፣ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ነው፤ ቁመቷ ደግሞ ለጉድ! ብርሃን ፍለጋ ስትንጠራራ ኮርኒሱን ልትነካ ስንዝር ቀርቷታል። ግንዷ ግን ራቁቱን ነው፤ ቅጠል ያላት አናቷ ላይ ብቻ ነው። እናትየው ወይዘሮ የሺመቤት ካረፉ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ በእጃቸው ተክለው የተዉትም ይህችኑ ብቻ ነበር።

የተተከለችበትን የቀለም ባልዲ ብታየው አፈሩ ጭቃ ሆኗል። የግንዷ ሥርም በጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል።

አባቷ መሪጌታ ዓምደ ሚካኤል ስትጠይቃቸው አልደበቁም። ቅጠሏ ቢጫ ሲሆንባቸው ታማለች አሉ፤ የታመመ ምን እንደሚደረግለት ደግሞ እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ያውቁታል። ሰባት ቀን ሱባዔ አስገቧት። በየማለዳው ሐይቁ ዳር ካለው ቤተ ክርስቲያን ጠበል በጀሪካን እያመጡ፣ ዳዊት እየደገሙ፣ አንድ ጆግ ሙሉ ያንቆረቁሩባት ጀመር። እሱም አልበቃ ብሎ ከሰዓት በኋላ ሌላ ይጨምሩላታል። አይ መሪጌታ! አበባ ውኃ ሲበዛባት እንደምትበሰብስ ማን ነግሯቸው።

ወንጌላዊት የሆነውን ስታስረዳቸው ወንበሩ ላይ ዘጭ አሉ።

«እንግዲህ ገደልኋት» አሉ።

የሞተው ሥሯ እንጂ አናቷ እንዳልሆነ፣ ከላይ ቆርጠው ሊያተርፏት እንደሚችሉ ነገረቻቸው። ይኼን ጊዜ መሪጌታ ክው አሉ። አንገት ቆርጦ ማዳን የሚባል ነገር ከየትኛውም መጽሐፍ አላነበቡም። እሷም ብትሆን እንዲህ ሲደረግ ያየችው ስልኳ ላይ ብቻ ነው፤ ብትሳሳት የእናቷ አበባ አበቃላት ማለት ነው። ቢላዋውን በአረቄ ጠረገች፤ ፈሳሿ ስለሚያሳክክ እጇ ላይ ፌስታል አጠለቀችና ቸብ አደረገቻት።

አናቷን ከነቅጠሏ አፉ በተቆረጠ የሃይላንድ ላስቲክ ውስጥ ውኃ አድርጋ አቆመቻት። ራቁቱን ግንድ ባለ ሁለት ሁለት አንጓ እያደረገች ቆራርጣ፣ ከሐይቁ ዳር ባመጣችው አሸዋ ላይ አጋደመችው። ስድስት ቁራጭ ወጣው። የበሰበሰውን ጣለችው።

አሁን የቀረው ችግር መሪጌታ ናቸው። እሷ ሥራ ስትሄድ ቤት የሚውሉት እሳቸውና ጆጉ ናቸው! ብትለምናቸው እሺ ይላሉ፤ ዞር ስትል ግን አንጀታቸው አይችልም። አሰበች አሰበችና መላ መጣላት።

«አባባ፣ ቁራጮቹ ጾም ገብተዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ጠብ ከማደርግላቸው በቀር ውኃ አይቀምሱም።»

መሪጌታ ቀና አሉ። ስንት ቀን እንደሆነ ጠየቁ፤ አርባ አለቻቸው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ጆጉ ቁም ሣጥን ላይ ተሰቀለ። ጎረቤታቸው ትንቢት አሸዋው ደርቆ ብታይ አዝና በኩባያ ውኃ ይዛ ብትመጣ፣ ጾም ልታስገድፊ ነው ወይ ብለው ከደጅ መለሷት። እሳቸው ግን ጠዋት ማታ መነጽራቸውን ሰክተው አንጓ አንጓውን ሲመረምሩ ይውላሉ።

በሃያ ስድስተኛው ቀን፣ ምዝገባው በተጧጧፈበት ረፋድ፣ የወንጌላዊት ስልክ ጮኸ። መሪጌታ ስልክ መደወል አይወዱም። «ነይ» አሉና ዘጉት። አባቴ ወደቁ ብላ ተማሪውን ሁሉ ትታ በባጃጅ ከነፈች።

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። መሪጌታ ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው ላስቲኩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስተው ይዘውታል። ውኃው ውስጥ አራት ነጫጭ ሥሮች ተንዠርግገዋል! ከአሸዋው ላይ ደግሞ ከአንዱ አንጓ ቡቃያ ወጥቷል፣ አረንጓዴ፣ ገና እንደተጠቀለለ። ወንጌላዊት ደስታው ፈንቅሏት እልል አለች፤ ትንቢት ምን ሆኑ ብላ በሩጫ መጣች።

መሪጌታ ዞር አላሉም። እንባቸው ጢማቸው ላይ ይወርዳል፤ አይጠርጉትም።

«አየሽ ልጄ? አልገደልሁባትም» አሉ። «የየሺን አበባ አልገደልሁባትም።»

«ጾሟን ጠብቀው ያዳኗት እርስዎ ነዎት» አለች ወንጌላዊት። አጠገባቸው ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ሥሮቹን አንድ፣ ሁለት እያሉ አብረው ቆጠሩ።