ሰም የለበሰው ተሕዋስ

«አክታዬን እዪልኝ» አለ ታጣቂው፣ የጠመንጃውን አፈሙዝ ከናጅዋ ደረት ላይ ሳያነሳ።

ናጅዋ የመርሳ ከተማ በታጣቂዎች ከተያዘች ወዲህ ትሠራበት የነበረውን ክሊኒክ ስትረግጥ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። በጓሮ በር ሾልካ የገባችው ለእናቷ ለወይዘሮ ከድጃ መድኃኒት ፍለጋ ነበር። እናቷ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምናቸውን ሳይጨርሱ ክሊኒኩም መንገዱም ተዘጋ። ከተሰበረው መደርደሪያ ጀርባ ወድቆ ከዘራፊ ዓይን የተረፈውን የእሳቸውን መድኃኒት አግኝታ፣ በጅልባቧ ሥር ወገቧ ላይ በሻሽ ጠፍራ ልትወጣ ስትል ነው ሰውዬው በሩን ዘግቶ የላቦራቶሪ ሠራተኛ መሆኗን ያናዘዛት።

ጎልማሳ ነው። ጉንጮቹ ገብተዋል፤ ኮቱ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል።

«ደም እየተፋሁ ነው» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጓዶቼ አያውቁም። አሁን ሥሪ።»

አክታውን ስስ የመስታወት ስላይድ ላይ ቀባች፤ አደረቀችው። ቀዩን ቀለም አፍስሳ ከሥሩ በአልኮል ኩራዝ አሞቀችው። በአሲድ አጠበችው፤ ሰማያዊውን አስከተለች። መብራት ከጠፋ ሰንብቷልና አሮጌውን ማይክሮስኮፕ መስኮቱ ሥር አስጠግታ ከሥሩ ያለውን መስታወት ወደ ብርሃኑ አዞረች።

በሰማያዊው መሐል ቀያይ ዘንጎች ታዩ። እዚህም እዚያም፣ ተቃቅፈው የተኙ ይመስላሉ።

ሌላው ተሕዋስ አሲድ ሲነካው ቀዩን ቀለም ይለቃል። ይህኛው አይለቅም። ግድግዳውን የሚያበጀው ረጃጅም የቅባት አሲዶችን አነባብሮ ነው፤ ሰም ይሆኑለታል። ብዙው መድኃኒት አይዘልቀውም፤ የዋጠው ነጭ የደም ሕዋስ እንኳ ሊፈጨው ያቅተዋል። ወገቧ ላይ ካሉት መድኃኒቶች የአንዱ ሥራ ያ ሰም እንዳይሠራ ማገድ ነው፤ ግን ወራት ይፈጃል። ከመሐል ከተቋረጠ የተረፈው ተሕዋስ ግድግዳውን መልሶ ይጠግናል። እናቷ ሳሉ ስለበረደላቸው «ድኛለሁ ልጄ፣ በአላህ አትውጪብኝ» ብለው ለምነዋት ነበር። በደረታቸው ውስጥ ሰሙ እንደገና ሲነባበር የሚታያት ለእሷ ብቻ ነው።

የለብህም ልበለው? ብላ አሰበች። ደስ ብሎት ይለቃት ይሆናል። ከዚያ ግን በየገባበት ቤት እየሳለ ይዞራል።

«ምን አየሽ?»

«አለብህ» አለችው። «ነቀርሳ ነው።»

ፊቱ አልተለወጠም። «መድኃኒት የለውም?»

«አለው። እዚህ የነበረው ግን ተዘርፏል።»

ማን ዘረፈው ብሎ አልጠየቀም። ወለሉ ላይ የተበተነውን ስብርባሪ ለጥቂት ጊዜ ሲያይ ቆየና «በይ ሂጂ» አላት።

ስትነሳ ሻሹ ላላ። የክኒኖቹ እሽግ ተንኮሻኮሸ።

«ቁሚ!»

ቆመች።

«አውጪው።»

አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ሰውዬው በአፈሙዙ ጫፍ ገፋ አድርጎ አየው። «የማን ነው?»

«የእናቴ።»

«ለእኔ ይበቃኛል?»

«አይበቃህም፣ ወንድሜ።» ድምጿ የእሷ አልመስል አላት። «እሳቸው የጀመሩትን ያስጨርሳቸዋል እንጂ፣ አንተን ከመጀመሪያው ጀምሮ ለማዳን አይበቃም። ጀምረህ ብታቆመው ደግሞ በሽታው መድኃኒቱን ይለምደዋል።»

የተናገረችው እውነት ነበር። ከአፏ ሲወጣ ግን ለራሷም ውሸት መስሎ ተሰማት።

«እንደማትዋሺኝ በምን አውቃለሁ?»

«ልዋሽህ ብፈልግ ኖሮ ጤነኛ ነህ እልህ ነበር።»

ከውጭ የሰዎች ድምፅ ተሰማ፤ አንዱ ይጣራል። ሰውዬው ጠመንጃውን ከጠረጴዛው ጋር አስደግፎ በማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሰ።

«እነዚህ ቀያዮቹ ናቸው?»

«አዎ።»

ዝም ብሎ ያያቸው ጀመር። ከውጭ የሚጣራው ሰው እግር ደረጃውን መውጣት ጀመረ። ናጅዋ እጇን ወደ እሽጉ ዘረጋች።

እሽጉ ተንኮሻኮሸ፤ ሰውዬው ግን ቀና አላለም።