በር ዘጊ

ፅዮናዊት ምስር እንደምትለቅም ሴት ጽሑፉን ቃል በቃል እየገፋች ፈተሸችው። እስካሁን ጠጠር አላገኘችበትም። ያበገናትም ይኸው ነበር።

ርእሱ «የባቡሩ ሠራተኞች በጅቡቲ» ይላል። በኢንተርኔቱ የአማርኛ መዝገበ ዕውቀት የፊት ገጽ ላይ፣ «የሳምንቱ ምርጥ» ከሚለው ማዕረግ ሥር ተንሰራፍቷል። የጻፈችው መስከረም ናት፤ ከአዲስ አበባ ዲግሪዋን ይዛ የመጣች፣ ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባለው የጅቡቲ ሰፈር ካሉት ቢሮዎች በአንዱ የምትሠራ፣ ቅዳሴ ቆማ እንኳ ነጠላዋ የማይጨማደድባት መስከረም። ፅዮናዊት ደግሞ እዚሁ ጅቡቲ ተወልዳ በፈረንሳይኛ የተማረች፣ ፊደልን ከመዝሙር መጽሐፍ ላይ ለብቻዋ የለየች ናት። ለመዝገበ ዕውቀቱ ያለ ክፍያ ዓመታት ደክማለች፤ ከሰው መጽሐፍ የተገለበጠውን ነቅላ ጥላለች፣ «ፀሐይ»ን በጸሎቱ ጸ የጻፈውን ሁሉ አሳፍራለች። «ወንፊት» በሚል የብዕር ስም ስለምትጽፍ ሰዉ የሚያስባት መነጽራም ሽማግሌ አድርጎ ነው። የፊት ገጹ ግን አንድም ቀን ጠርቷት አያውቅም።

«ባቡሩን በዓይኗ ሳታየው ይህን ሁሉ ከየት አመጣችው? ሰርቃ ነው» አለች በሆዷ። ዓረፍተ ነገሮቹን እየቆረጠች ኢንተርኔቱን አሰሰች። ምንም የለም።

«ናያ!» ብላ በሶማልኛ ጠራቻት ፅዮናዊት ኮምፒውተር የተከራየችበት የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት ነጅማ፣ ከማሽኑ ጀርባ። ድሬዳዋ ስላደገች አማርኛው እንደ ልቧ ነው። «ስክሪኑን እንደ ጣውንት የምታፈጪበት ምን በድሎሽ ነው?»

«ጣውንትማ የምትጋራው ባል ነው» አለች ፅዮናዊት ዓይኗን ሳትነቅል። «ይቺ ሰፈሬን ነው የወሰደችብኝ።»

ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ስትደርስ አንዱን መስመር ደግማ አነበበችው። «ከባቡሩ ሰዎች አንዱ የነበሩት አቶ ዓለምሰገድ» ይላል፣ «ባቡሩ ወደ ባሕሩ ሲወርድ የሚቀበለውን ትኩስ ነፋስ ‹በር ዘጊ› ይሉት ነበር።»

ዓለምሰገድ አባቷ ነው፤ ነፍሱን ይማርና። በሙቀቱ ወራት ነፋሱ ቆርቆሮውን ማንኳኳት ሲጀምር «በር ዘጊው መጣ፣ ዝጉ!» እያለ ቤቱን ያተራምሰው ነበር። ቃሉን ከእሱ በቀር ከማንም አልሰማችውም፤ በየትኛውም መጽሐፍ አላነበበችውም። ከቤታቸው ወጥቶ የማያውቅ ቃል አሁን በመስከረም ስም ሥር ተቀምጧል። ምንጭም አልተጠቀሰለትም።

ጠጠሩን አገኘችው። ደስ ሊላት ሲገባ ከፋት። ጣቶቿ ግን ደንቡን ያውቁታል፤ ያልታተመ ነገር መዝገበ ዕውቀት አይገባም። «ምንጭ ይጠቀስ» የሚለውን ምልክት ለጠፈችበትና ጻፈች፦ «የጓዳ ወሬ ምንጭ አይሆንም። እስከ ማታ የታተመ ማስረጃ ካልቀረበ አንቀጹ ይሰረዛል። ወንፊት።»

የመስከረም መልስ ወዲያው መጣ። «ልክ ነዎት፣ አባቴ። የሰማሁት ከባለቤታቸው አፍ ነው። ዛሬውኑ ሄጄ የታተመ ነገር እንዳለ እጠይቃለሁ። ካጣሁ እኔው እሰርዘዋለሁ።»

ከባለቤታቸው አፍ! ፅዮናዊት ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወደ ቤቷ ወጣች። ሱቆቹ ለቀትሩ እየተዘጉ ነበር፤ ጫት የጫነ መኪና ጡሩምባውን እያስጮኸ አቧራውን አለበሳት።

እናቷ ወርቅነሽ ከቬንትሌተሩ ፊት ምንጣፍ ላይ ጋደም ብላለች።

«እማዬ፣ በር ዘጊን ለመስከረም የነገርሻት አንቺ ነሽ?»

«አዎ። ምነው፣ ምስጢር ነበር?»

«እኔን ልጅሽን ትተሽ!»

«አንቺ መቼ ጠይቀሽኝ? አንቺ የምትጠይቂው መጽሐፍ ነው።» እናቷ ቀና ብላ ተቀመጠች። «መስኪዬ እግሬ ሥር ቁጭ ብላ ነው ያወራችኝ። የአባትሽን ስም ከስልኳ ስታነብልኝ አለቀስኩ። ይኸው ዓለም ያየዋል አለችኝ።»

መስኪዬ! ፅዮናዊት በሕይወቷ አንድም ቀን «ፅዮንዬ» ተብላ አታውቅም። ማታ የአባቷን ስም የምታጠፋው ደግሞ እሷው ናት።

መውጫ እንዳለ ታውቃለች፤ ያናደዳትም ማወቋ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ማኅበር መጽሔት ሊታተም ነው። አዘጋጁ ጽሑፍ ስጪን ብሎ ሲለምናት «እኔ የገጽ ማሟያ አይደለሁም» ብላ መልሳዋለች። አባቷን እዚያ ብትጽፈው ቃሉ የታተመ ምንጭ ያገኛል። ነገር ግን ማንም የራሱን ጽሑፍ ራሱ ምንጭ አድርጎ አይጠቅስም፤ ይህን ደንብ ስንቱን ያባረረችበት እሷ ናት። የሚጠቅሳት ሌላ ሰው መሆን አለበት። ያም ማለት የእሷ ስም ከመስከረም ጽሑፍ ግርጌ፣ በደቃቃ ፊደል።

በሩ ተንኳኳ። መስከረም ናት፣ ላቧ ግንባሯ ላይ ችፍ ብሏል። ፅዮናዊት በሩን የትከሻዋን ያህል ብቻ ከፈተችው፤ ግቢ አላለቻትም።

«እማማ አሉ? አንድ ክፉ ሽማግሌ የአባትሽን ነገር ሊሰርዘው ነው። የታተመ ነገር ይኖራችኋል?»

«የለንም። ለማኅበሩ መጽሔት እጽፈዋለሁ። ከዚያ ጥቀሺው።»

የመስከረም ፊት በራ። «እስኪታተም ግን ሽማግሌው መች ይጠብቀኛል!»

«ይጠብቃል።»

«በምን አወቅሽ?»

ፅዮናዊት ዓይኗን ወደ መንገዱ መለሰች። መስከረም ስልኳን አውጥታ መጻፍ ጀመረች። «ስምሽ በጸሎቱ ጸ ነው አይደል?»

«በፀሐዩ።»

«ትክክሉ እኮ በጸሎቱ ነው። ወንፊት ቢያየው ይገለኛል።»

«አባቴ በፀሐዩ ነው የጻፈው።»

መስከረም ከስልኩ ላይ ቀና አለች። ረዘም አድርጋ አየቻት፤ ከንፈሯ ጫፍ ላይ ሳቅ ይሁን ሌላ ያልለየለት ነገር ተንቀሳቀሰ።

«ምንጭ ይጠቀስ» አለች፣ በቀስታ።

ነፋሱ ከበረሃው በኩል ድንገት ተነሥቶ በሩን ገፋው። «በር ዘጊው መጣ፣ ዝጉ!» አለች እናቷ ከውስጥ። ፅዮናዊት ትከሻዋን ሳንቃው ላይ አስደግፋ፣ አሸዋው ዓይኗ ውስጥ እየገባ፣ በሩን መስከረም ላይ እንዳይዘጋ ይዛ ቆመች።