አባዬ ገዳዩን ምሳ የጋበዘ ዕለት

ስለ ጌም ቤት ክፉ ሲወራ ዝም ማለት አልችልም። ጎረቤታችን እትዬ ሸዋወርቅ «የልጅ ማበላሻ» ባሉ ቁጥር አፌን ይበላኛል። እናቴ በዓይኗ ስለምትቆጣኝ ብቻ ነው የምተወው። እሳቸው የኢሊያስ ጌም ቤት ለእኛ ቤት ምን እንዳደረገ ቢያውቁ በሩ ላይ ሻማ ያበሩ ነበር።

እኔ ልዩ እባላለሁ። አካውንቲንግ ተምሬ ሥራ እስካገኝ ብዬ አዳማ ውስጥ ኢሊያስ ጋ ቀን ቀን ጌም አጫውታለሁ። «እስካገኝ» ካልኩ ግን ከርሜያለሁ።

አባቴ ማስረሻ ከጅቡቲ ሞጆ ደረቅ ወደብ ኮንቴይነር ሲያመላልስ ያረጀ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ብቻውን በልቶ አያውቅም ነበር። አዋሽም ይሁን ሚኤሶ፣ ትሪው ሲቀርብለት ግራ ቀኙን ያይና የማያውቀውን መንገደኛ ሳይቀር «እንብላ» ይላል። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል የሚለውን ተረት እሱ እንደ ትራፊክ ሕግ ነው የያዘው። እንዲያውም ከትራፊክ ሕጉ ይልቅ ይህንን ነው ያከበረው።

ባለፈው ክረምት ስትሮክ መታው። አንደበቱ ተመለሰ፣ እግሩም ተመለሰ፤ ቀኝ እጁ ግን ደክሞ ቀረ። ከሆስፒታል በወጣ ሰሞን አጎቶቼ ሊጠይቁት መጥተው አብረን ስንበላ ጉርሻው አፉ ሳይደርስ ደረቱ ላይ ተዘረገፈ። ሁላችንም አቀርቅረን ዝም አልን። እሱን የጎዳው ወጡ ሳይሆን ዝምታችን ይመስለኛል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምሳም እራትም መኝታ ቤቱ ውስጥ ሆነ። በግራ እጅህ ብላ ብንለው «በግራ እጅ እንጀራ አይቆረስም» ብሎ ዘጋን። እናቴ እልፍነሽ ሳህኑን በሩ ሥር ታኖርለታለች፤ እስክትርቅ ይጠብቅና ወስዶ በሩን ይዘጋል።

እናቴ ከእኔ ጋር ትሪ ላይ ስትቀመጥ ሁለቴ ትጎርስና እጇን ትሰበስባለች። «ይህን ሁሉ ዓመት አብሬው በልቼ፣ አሁን ምን አጠፋሁ?» ትለኛለች። ሐኪሞቹ ጡንቻው ቀስ በቀስ ይጠነክራል ብለውናል። ሰውየው ራሱ ወደ ገበታው መቼ እንደሚመለስ ግን የሚነግረን አላገኘንም። እንዲሁ ሆኖ ይቀር ይሆን የሚለው ነበር የኔም ፍርሃት።

እናቴ ገበያ ውስጥ ሱቅ ስላላት፣ ቀኑን ብቻውን እንዳይውል ጌም ቤት ይዤው መሄድ ጀመርኩ። መጀመሪያ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ አላፊ አግዳሚውን ሲቆጥር ይውል ነበር። እያደር ወንበሩ ወደ ስክሪኖቹ ዞረ።

ያኔ ልጆቹን ሁሉ የያዛቸው አንድ ጨዋታ ነበር። የፈረንጅ ስሙ ረጅም ስለሆነ «ጭጭ» ይሉታል። ተኩስ የለውም፣ መኪናም የለውም። ረጅም የመንገደኞች ባቡር ነው። ባቡሩ ኮምፒውተሩ በሚያንቀሳቅሳቸው ሰዎች ተሞልቷል፤ ተጫዋቾቹም ከነሱ አንዱን መስለው በመሃላቸው ይሄዳሉ። ለእያንዳንዱ ተጫዋች በስውር የሚገድለው ሰው ይሰጠዋል። እሱንም ሊገድለው የሚፈልግ ሌላ ተጫዋች አለ፤ ማን እንደሆነ ግን አያውቅም። የሮጠ ይታወቃል፣ የተደናገጠም ይታወቃል። ደግሞ ይርባቸዋል። ሲርባቸው የባቡሩ ምግብ ቤት ገብተው መብላት አለባቸው፤ በዚያን ጊዜ ከመጣባቸው አደጋ ማምለጥ ከባድ ነው። ከሳህናቸው ለሌላ ሰው ማካፈያ ቁልፍም አለ። እሱን ማንም አይነካውም። ጠላትን ማጥገብ ምን ይጠቅማል?

ኢሊያስ አንድ ቀን «ጋሽ ማስረሻ፣ ለጣትዎ ስፖርት ነው» ብሎ ጆይስቲኩን አስያዘው። አባዬ ቀርፋፋ ነበር። ቀኝ አውራ ጣቱ ቁልፉን ፈልጋ አግኝታ እስክትጫን ሰው ቡና ይጠጣል። በጭጭ ግን ቀርፋፋ መሆን ሀብት ነው። ግራጫ ካፖርት የለበሰ ወፍራም መንገደኛ መረጠና እንደ ኮምፒውተሩ ሰዎች ዝግ ብሎ ሲራመድ ማንም ሊለየው አልቻለም። ጎረምሶቹ «ጋሼ የት ገቡ?» እያሉ ሲያተራምሱ በአጠገባቸው ያልፋል። አንዳንዴ ፈገግ ሲል አየዋለሁ፣ ደስም ይለኛል። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ግን ተነስቶ ቤት ይገባል፤ በሩን ይዘጋል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የባቱ ልጆች ሊገጥሙን በሚኒባስ መጡ። ከእኛ ቡድን አንዱ ስለቀረ ኢሊያስ አባዬን ለመነውና ገባ። ማን የትኛውን ሰው እንደያዘ እንዳይታይ በየስክሪኑ መሃል ካርቶን ተጋረደ። እኔ ዳኛ ነኝ፤ ሁሉንም የሚያሳየው ስክሪን ፊት ከመጋረጃ ጀርባ ተቀመጥኩ።

ጨዋታው ሲገፋ ከሁለቱም ወገን እየወደቁ ሄዱ። መጨረሻ ላይ ከባቱ ዱጋሳ የሚባል፣ አበባ እርሻ የሚሠራ ሎጋ ወጣት ብቻውን ቀረ። ከእኛ አባዬና ሃኒ የምትባል የኮሌጅ ተማሪ ቀሩ። ዱጋሳ እንዲገድል የታዘዘው አባዬን ነው። ሃኒ ደግሞ ዱጋሳን እየፈለገች ነው፣ ግን ከብዙ ሰው መሃል የቱ እንደሆነ አላወቀችም።

አባዬ ራበው። ግራጫ ካፖርቱን እንደለበሰ ምግብ ቤት ገብቶ መብላት ጀመረ። ዱጋሳ የያዘው ባለ ቀይ ባርኔጣ ሰው ከኋላው ገባና ጠረጴዛው አጠገብ ቆመ። አለቀልን አልኩ። በመጋረጃው ክፍተት የአባዬን ጣት አየሁ፤ ቀስ ብላ ቁልፎቹ ላይ ትሄዳለች። ሊነሳ ነው ብዬ ነበር። የተጫነው ግን ያንን ማንም የማይነካውን ቁልፍ ነው። ሳህኑ በጠረጴዛው ላይ ወደ ባለ ቀይ ባርኔጣው ተገፋ።

የኮምፒውተር ሰው አይጋብዝም። ስለዚህ ዱጋሳ ጥርጣሬ ካለውም አሁን ለቀቀው፤ የቀረው አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው። ባለ ቀይ ባርኔጣው ዝም ብሎ ቆመ። ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠና መብላት ጀመረ። በዚያው ቅጽበት ሃኒ በሩ ላይ ደረሰች። የተጋበዘውን የሚበላ ሰው ስታይ ገባት፤ ከኋላው መጥታ ወጋችው።

ጌም ቤቱ በጩኸት ተደበላለቀ። የባቱ ልጆች ዱጋሳን ከበቡት። «አጠገቡ ደርሰህ፣ ቢላዋ ይዘህ፣ ምን ነካህ?»

«ብላ አለኝ እኮ።»

«ጌም ነዋ።»

«ጌምም ይሁን። ሳህኑን የገፋልኝን ሰው ልወጋ ነው? የበላበትን ወጪት ሰባሪ አታድርጉኝ።»

ካርቶኖቹን እያለፈ የጋበዘውን ፈለገ። አባቴ መሆኑን ሲያውቅ ጎንበስ ብሎ እጁን ዘረጋለት። አባዬ ቀኝ እጁን ለሰው መስጠት ከተወ ቆይቷል። ለዱጋሳ ሰጠው።

«ገዳዬ መሆንህ ገብቶኝ ነበር» አለው።

«ታዲያ ለምን ጋበዙኝ?»

«እየበላሁ መጥተህ አናቴ ላይ ቆምክ። ምን ላድርግህ?» አለና ሳቀ። ቀጥሎም «ኮቱ፣ ና፣ ምሳ እኛ ቤት ነው» አለው።

ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ሲደነግጥ አየሁት። የለመደ የሹፌር አፍ ነው ያመለጠው። እንግዳ ጠርቶ መኝታ ቤት ገብቶ በር መዝጋት ደግሞ በሱ አገር የለም። ዱጋሳ «ኧረ ጋሼ፣ አላስቸግርም» እንዲል ተመኝቶ ይሆናል። ዱጋሳ ግን ከጠዋት ጀምሮ አልበላም ነበርና «ገለቶማ» ብሎ አመሰገነና ተከተለን። ባጃጁ ውስጥ አባዬ እንግዳውን ከደጅ የሚመልስበት ሰበብ ያገኝ ይሆን ብዬ ፈራሁ።

ቤት ስንገባ እናቴ ለምሳ ከሱቅ መጥታ የሱን ሳህን እንደ ልማዷ መኝታ ቤቱ በር ሥር አኑራዋለች። እንግዳ ስታይ ደንግጣ ትሪ አቀረበች። አባዬ በበሩና በጠረጴዛው መሃል ቆመ። ከዚያ ወንበሩን ስቦ ከዱጋሳ አጠገብ ተቀመጠ፣ እጁን ታጥቦ ቆረሰ።

የመጀመሪያው ጉርሻ አልደረሰም። መንገድ ላይ ከእጁ ወጥቶ የዱጋሳ ነጭ ሸሚዝ ላይ አረፈ። ቀዩ ወጥ እስከ ሆዱ ወረደ። ያ የአጎቶቼ ቀን ዝምታ ቤቱን ሞላው። አባዬ አቀረቀረ፤ ሊነሳ ወንበሩን ሲይዝ አየሁ።

ዱጋሳ ሸሚዙን ተመለከተ፣ ከዚያ አባቴን።

«ጋሼ፣ እኔ ምሬዎት፣ እርስዎ ግን ገደሉኝ» አለ።

አባዬ ቀና አለ። ሳቁ ከሆዱ ነው የመጣው፤ ከመታመሙ በፊት የነበረው ሳቅ። እናቴም አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች፤ ነጠላውን ከዓይኗ ግን ቶሎ አላነሳችውም። አባዬ በዚያው እጁ ደግሞ ቆረሰ። ግማሹ ፈሰሰ፣ ግማሹ ደረሰ። «ጭቅና የለውም እንዴ ዛሬ?» እያለ እናቴን መነዝነዝ ጀመረ። እሷም እየመለሰችለት ትጎርስ ነበር።

ዱጋሳን ጓደኞቹ እስከሚጠብቁበት መናኸሪያ ድረስ የሸኘሁት እኔ ነኝ። ሚኒባሱ ሊንቀሳቀስ ሲል «ዱጋሳ፣ እግዜር ይስጥልን» አልኩት።

«ስለምኑ?» አለኝ። «መሸነፌን ነው? ጌም ነው፤ አንዴ እናንተ፣ አንዴ እኛ።»

ልነግረው ስል ሚኒባሱ ተንቀሳቀሰ። ወጥ የነካውን ሸሚዙን በጃኬቱ ሸፍኖ፣ ለእኛ ቤት ያደረገውን ሳያውቅ ወደ ባቱ ሄደ። ዛሬም ድረስ አምላክን ሳመሰግን ስሙን እጠራለሁ።

ቤት ስመለስ እናቴና አባቴ ከትሪው አልተነሱም ነበር።