ሁለት ግራ እጅጌ

ልብስ ሰፊዋ መቀሱን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። "ደደብ!" አለች፤ የምትሰድበው ራሷን ነው።

የእህቷ ልጅ የሙሽራ ቀሚስ ግራ እጅጌው ብቻ ተገጥሞ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ሁለተኛውን ስትቆርጥ የወረቀቱን ልክ መገልበጥ ረስታ እሱም ግራ ሆኖባት አረፈ። የተረፈው ጨርቅ አንድ እጅጌ ቢያወጣ ነው። እሱንም ካበላሸች፣ ሠርጉ ደርሷል፣ ጨርቁም ከገበያ ጠፍቷል።

ስንቷን ሙሽራ ያለበሰች ሴት መቀስ መያዝ ፈራች። ደንበኛ ዚፕ ቢሰብር "አይዞህ፣ ምን ችግር አለው" ባይ ናት፤ ወደ ራሷ ሲዞር ግን ምላሷ መርፌ ነው።

የሙሽሪት እናት የሆነችው ታናሽ እህቷ ጎትታ የሥነ ልቦና ምክር የሚሰጥበት ክሊኒክ ወሰደቻት። አማካሪዋ ዓይንን ግጥም አድርጎ የሚሸፍን መነጽር አመጣች።

"ቨርቹዋል ሪያሊቲ ይባላል፤ የሌለውን ዓለም እንዳለ አድርጎ ያሳያል። የምታለቅስ ልጅ ያያሉ። እስቲ ያባብሏት።"

"በዚህ ዕድሜዬ አሻንጉሊት ላባብል?" ብላ ሳቀች።

መነጽሩ ሲጠለቅላት ሳቋ ጠፋ። አንዲት ሕፃን ጥግ ይዛ ትንሰቀሰቃለች። ሳይታወቃት ተንበረከከች።

"ምን ሆንሽ የኔ ሆድ? አጠፋሽ? ይሁና! ጨርቅ እንጂ ሰው አልተቀደደ። አይዞሽ፣ እኔ አለሁልሽ።"

አማካሪዋ አንድ ነገር ነካ አደረገች። አሁን ሕፃኗ እሷው ሆነች፤ ቁልቁል ስታይ እጆቿ ትንንሽ ናቸው። ፊት ለፊቷ አንዲት ሴት ተንበርክካ "ምን ሆንሽ የኔ ሆድ?" ትላታለች።

"ይቺ ደግ ሴትዮ ማናት?"

"የራስዎን ድምፅ አላወቁትም? መነጽሩ ቀድቶት ነው።"

አወቀችው። ያን ደግ ቃል ለሰው ሁሉ ስታድል ኖራ ለራሷ አንድ ቀን እንኳ አልደረሳትም ነበር። በመነጽሩ ስር እንባዋ ወረደ፤ ደስ አላት።

እንደተመለሱ የወረቀቱን ልክ ገልብጣ ጨርቁ ላይ አስቀመጠች። መቀሱን አንስታ አመነታች። "ደደ..." ብላ ጀመረችና ዋጠችው። "አይዞሽ የኔ ሆድ" አለች ጮክ ብላ።

"እትዬ፣ ማንን ነው የምታናግሪው?" አለች እህቷ።

"ልብስ ሰፊዋን።"

መቀሱ አንዴም ሳይደናቀፍ ሄደ። ቀኝ እጅጌ፣ ያውም እንዴት ያለ ቀኝ! ሙሽሪት ቀሚሱን ለብሳ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ስትሽከረከር ክፍሉ ጠበባቸው። ልብስ ሰፊዋ አጨበጨበች፤ ለራሷም ጭምር።

እህቷ የተበላሸውን እጅጌ አነሳች። "ይሄንንስ ልጣለው?"

"ተይው፣ የመርፌ መሰኪያ እሠራዋለሁ" አለች ተቀብላት። "ከእንግዲህ መርፌ የሚወጋው እሱን ነው።"