የወይኒ ዋስ

«ገብቷታል?» አለ ውል አዋዋዩ ኖታሪዮን።

የጠየቀው አስተርጓሚዋን አገኘሁሽን ነው። በቀኟ አንድያ ልጇ ሊዮር፣ በግራዋ ሊያገባት ያሰባት ወይኒ ተቀምጠዋል። ሊዮር እዚሁ እስራኤል፣ አሽዶድ ተወልዶ ያደገ ነው፤ አማርኛው «ደህና አደርሽ» ከማለት አያልፍም። ወይኒ ከአዲስ አበባ ከመጣች ገና ሁለት ወሯ ነው፤ ዕብራይስጥ አትሰማም። ሁለቱ እርስ በርስ የሚግባቡት በእንግሊዝኛ ነው። ኖታሪዮኑ ግን ሙሽራው ራሱ አያስተረጉምም ስላለ፣ ማስተርጎሙ በእናቲቱ ላይ ወደቀ።

ወረቀቱ «ሄስኬም ማሞን» ይባላል፤ ከጋብቻ በፊት የሚፈረም የንብረት ውል ነው። እነ አገኘሁሽ ቤተ እስራኤል ናቸው፤ ወይኒ ግን ክርስቲያን ስለሆነች ረባኑት፣ የአይሁድ ሃይማኖት ፍርድ ቤቱ፣ አያጋባቸውም፤ ቆጵሮስ ሄደው ሊጋቡ ነው። ከባዕድ አገር ሰው ጋር ስትጋባ ይህን ሳታስፈርም እንዳትሄድ ብለው ሊዮርን የመከሩት የሥራ ጓደኞቹ ናቸው።

አገኘሁሽ በስተርጅና ዕብራይስጥ ማንበብ እየተማረች ነው። መምህሯ ጋሊያ ስሟን መጻፍ አስተምራታለች። ኖታሪዮኑ ሲያነብ እሷ በሦስቱም ገጽ ላይ ስሟን በዓይኗ ፈለገች። የለም።

ከሰማችው የተረጎመችው ግማሹን ብቻ ነበር። «ሮቫ ሄ ሰፈር ያለው፣ የምንኖርበት ቤት የሊዮር ነው ይላል» ብላ አበቃች። ቀሪው «ቢለያዩ ወይኒ በሠላሳ ቀን ውስጥ ቤቱን ለቃ ትወጣለች፤ ምንም አትጠይቅም» የሚል ነበር። ይህን ብትሰማ ልጅቷ ተነሥታ የምትሄድ መሰላት።

እንዳትሄድባት ደግሞ ክፉኛ ትፈራ ነበር። ባሏ ቢምረው ከሞተ አራት ዓመት ሆኖታል። ሊዮር ከሰሜኑ የኢንዱስትሪ ቀጠና፣ ከመጋዘን ሥራው ሲገባ ስልኩን እያየ ይበላል፤ ይተኛል። አንዳንድ ቀን አገኘሁሽ ከንፈሯን ሳታላቅቅ ይመሻል። ወይኒ ስትመጣ መጀመሪያ «ክርስቲያን አመጣህብኝ?» ብላ አልቅሳ ነበር። በሳምንቱ ግን ሁለቱ ሴቶች በባሕሩ ዳርቻ ወዳለው የረቡዕ ገበያ አብረው ወረዱ። ወይኒ በጣቷና በአማርኛ ብቻ ተከራክራ ዓሣውን በግማሽ ዋጋ ገዛች። «እማማ፣ እርስዎ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲበሉዎት ነው የኖሩት!» ስትላት፣ አገኘሁሽ መንገድ ላይ ቆማ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

«እናት፣» አለ ኖታሪዮኑ ሰዓቱን እያየ፣ «ገብቷታል ወይስ አልገባትም?»

አገኘሁሽ ጎንደር፣ እመንደሯ ስትዳር ውሉ የታሰረው በሽማግሌ ፊት ነበር። በወንዱም በሴቷም ወገን ዋስ ተጠራ። የሴቷ ዋስ ቃሉን ሰምቶ፣ እኩል መሆኑን አይቶ፣ «ይሁን» ካላለ ውሉ አይጸናም። ባልየው ቢበድል ሴቲቱ መጀመሪያ የምትሄደው ወደ ዋሷ ነው። አሁን ዞር ብላ አየች። ከወይኒ ወዲያ ያለው ቦታ ባዶ ነው።

ወንበሯን አንሥታ ዞረችና ከወይኒ ማዶ አስቀምጣ ተቀመጠች።

«ኢማ፣ ምን እያደረግሽ ነው?» አለ ሊዮር እናቱን።

«ዋስ የላትም። ዋሷ እኔ ነኝ።»

ኖታሪዮኑ ሳቀ። «ባንክ መሰለሽ እንዴ? እዚህ ብድር የለም። ዋስ አያስፈልግም።»

«ለእናንተ አያስፈልጋችሁ ይሆናል፤ ለእሷ ያስፈልጋታል» አለችና ወደ ወይኒ ዞራ፣ ያስቀረችውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገረቻት። ስለ ሠላሳው ቀንም ነገረቻት።

ወይኒ አልተቆጣችም። «እማማ፣ ቤቱን የገዛው ማን ነው?» አለች።

«እኔና አባቱ።»

«ታዲያ እንዴት የእሱ ሆነ?»

«አርጅታችኋል ብሎ ባንኩ በእኛ ስም አላበድርም አለ። በእሱ ስም ሆነ፤ ብድሩ አሁን ተከፍሎ አልቋል።»

«እንግዲያ እኔና እሱ በእርስዎ ቤት ነዋ የምንዋዋለው! ቤቱን ወደ እርስዎ ስም ያዙረው። የምንጣላበት ነገር ከሌለ ምኑን እፈርማለሁ?»

አገኘሁሽ ወደ ዕብራይስጥ መለሰችው። አሁን አንዲት ቃል አላስቀረችም።

ኖታሪዮኑ መነጽሩን አወለቀ። «ጠበቃ ናት እንዴ?»

«ፋርማሲስት ናት» አለ ሊዮር። ጆሮው ቀልቷል። ወይኒን አያት፤ እናቱን አያት። ከዚያ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አጋደመና «ቤሴደር፣ እሺ፣ ይዙር» አለ።

የዚያን ቀን ሦስቱም እየተሳሳቁ በእግራቸው ወደ ቤት ተመለሱ። አገኘሁሽ ደግ ሥራ የሠራች መሰላት፤ ሠርታለችም። ስም ማዞሩ ሁለት ወር ፈጀ።

ጉዳዩ ባለቀ ማግሥት፣ በሰንበት ምሳ ላይ፣ ሊዮር ሹካውን አስቀመጠ።

«ኢማ፣ አዲስ አበባ የምንኖር ይመስለኛል። ወይኒ ሥራዋ እዚያ ነው።»

«ያንተስ ሥራ?»

«መጋዘን የትም አለ። እዚህ ያሰረኝ ቤቱ ነበር፤ እንዴት ጥዬው እሄዳለሁ እያልኩ። አሁን ያንቺ ነው።»

ወይኒ ቋንቋው ባይገባትም ነገሩ ገብቷታል። የአገኘሁሽን እጅ ያዘች። «እማማ፣ ይምጡ እኛ ዘንድ» አለቻት።

«ቢምረውን እዚህ ቀብሬ ወዴት እመጣለሁ ልጄ?»

«እንግዲያ እንዳንሄድ ይበሉና! ዋሴ አይደሉም? እርስዎ ቅሪ ካሉኝ እቀራለሁ።»

አገኘሁሽ አፏን ከፈተች። ቅሪ ማለት ቀላል ነበር፤ ልጅቷ ደግሞ እውነቷን ነው፣ ትቀር ነበር። ግን የሴት ዋስ የሚቆመው ለሴቷ ነው እንጂ ለራሱ አይደለም።

«ሂጂ» አለቻት። «የእጅሽን ሥራ ይዘሽ፣ በአገርሽ ኑሪ። እሱ ቢበድልሽ ደውይልኝ።»

ሳህኖቹን አነሣች። ውኃውን ከፍታ ለረጅም ጊዜ አጠበች።

ሊዮርና ወይኒ በሚያዝያ ቆጵሮስ ላይ ተጋብተው፣ ከዚያው ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። አገኘሁሽ ሮቫ ሄ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ቀረች።