ውሃ የተከሰሰበት አውጫጭ

ጣሊያን ደብረ ማርቆስን በያዘበት ዘመን ውሃ ተከሷል። ከሳሹ አንድ ሻለቃ ነበር፤ የተማረ ነው ይሉታል። ተምሮ እንዲህ ከሆነ፣ ሳይማር ምን ሊሆን ኖሯል?

የጦሩ ኬሚስት ፓስኩቺ የሮብ ገበያን የምንጭ ውሃ አፍልቶ፣ እንፋሎቱን አቀዝቅዞ አጠራቅሞ የአሲድነቱን መጠን ለካ። ከሮም የመጣው መጽሐፍ ከሰባት በታች አሲድ ነው፣ ከሰባት በላይ ቤዝ ነው፣ ንጹሕ ውሃ ግን ገለልተኛ ስለሆነ ልክ ሰባት ላይ ይቆማል ይላል። የፓስኩቺ ውሃ ሰባትን አለፈ።

«ገለልተኛ ካልሆነ ከማን ጋር ነው?» አለ ሻለቃው።

«ገለልተኛ ነው፣ ጌታዬ። ውሃ ሁልጊዜ ጥቂቱ ለሁለት ይከፈላል፤ የተከፈለውም ተመልሶ ይገጥማል። የአሲዱና የቤዙ ወገን እኩል ናቸው። ሁለቱ ተባዝተው የሚሰጡት ቁጥር የማይነቃነቀው ግን ሙቀቱ ካልተለወጠ ነው። መጽሐፉ የሚያወራው ስለ ሞቃት ክፍል ውሃ ነው። እዚህ ብርድ ነው፤ በብርድ የሚከፈለው ያንሳል፣ ሚዛኑም ከሰባት በላይ ይውላል።»

ሻለቃው ከዚህ ሁሉ የሰማው አንዲት ነገር ብቻ ነው። «ይከፈላል? ሄዶ ይመለሳል? እንዲህ ያለውን እናውቀዋለን! ቀን ከእኛ፣ ማታ ከሽፍታ! ውሃውን ያሳመፀው ማን እንደሆነ ይውጣ!»

አውጫጭ አዘዘ። አውጫጭ የእኛው ነው፤ ከብት ሲሰረቅ አገሬው ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፣ ሌባው ሳይታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም። ያየ ሰው ለማሉ ሽማግሌዎች በስውር ይናገራል፤ ስሙ ስለማይነሣ «ወፍ» ይባላል።

ያን ቀን ማሬ የምትባል መበለት ጤፏ ታጭዶ እርሻው ላይ ተዘርግቶ ነበር። የልጆቿ የዓመት እንጀራ እሱ ነው። ጮቄ ተራራ ላይ ደግሞ ያለወቅቱ ደመና ጠቁሯል።

«አለቃ፣ ልሂድ፤ ጤፌ ሊበሰብስ ነው» አለቻቸው የሽማግሌዎቹን ሰብሳቢ አለቃ ገብረ ኪዳንን።

«ሳይወጣማ ማን ይሄዳል፣ ልጄ?»

«ምኑ ነው የሚወጣው? ውሃ ከዳ ብለው እኮ ነው!»

«ክሱስ የእብድ ነው። አውጫጩ ግን አውጫጭ ነው።»

ደሜን የሚያፈላው ይህ ነው። ሻለቃው ጅል ነው፣ ይሁን። ጅል ያልሆኑት ሽማግሌዎች ግን ሥርዓታቸውን ለጅል አዋሱ፤ አውሰውም በክብር ተቀመጡለት! ጠመንጃ ብቻውን ያን ያህል ሕዝብ አያስቀምጥም ነበር።

በመጨረሻ አንድ ወፍ መጣ፤ ፓስኩቺ ራሱ፣ ቢተው የሚባለውን አስተርጓሚ አስከትሎ።

«የካቶሊክ ወፍ ቃል ይያዛል እንዴ?» አለ አንዱ ሽማግሌ።

«ይናገር እስቲ» አሉ አለቃ።

«ጥፋተኛው ብርድ ነው ይላል» አለ ቢተው።

ሽማግሌዎቹ ራቅ ብለው መከሩና ቃሉን ተቀበሉ። አለቃ ተነሥተው ጥፋተኛው ብርድ ሆኖ መገኘቱን ለሻለቃው አስታወቁ።

«አገሩ የት ነው?» አለ ሻለቃው በቢተው በኩል።

«ጮቄ።»

«የእናንተው ሰው ነዋ! ተይዞ እስኪመጣ ትቀመጣላችሁ።»

ማሬ ነጠላዋን አሸርጣ ተነሣች። ዘበኛው ጠመንጃውን ደቀነባት።

«ወዴት?»

«ብርድን ልይዝ ነዋ! ተቀምጦ ይያዛል?»

ቢተው ሲተረጉምለት ሻለቃው ፊቱ በራ። «ትሂድ! ሌላስ ታማኝ የለም?»

ሜዳው በሙሉ ብድግ አለ።

ዝናቡ ሲጀምር ማሬ ነዶ እየከመረች ነበር። አለቃ ገብረ ኪዳን እያለከለኩ ደረሱ።

«እርስዎም ብርድ ፍለጋ?»

«ዝም ብለሽ አቀብዪኝ» አሉ፣ ጋቢያቸውን ድንጋይ ላይ ጥለው።

«ቀድመው ተነሥተው ቢሆን ኖሮ ሁሉም ሳይበሰብስ ይተርፍልኝ ነበር።»

አለቃ ነዶውን ተቀብለው ከመሩ። በእርሻው ዳገት በኩል የነበረው ጤፍ በስብሶ ቀረ፤ የቀረውን ሁለቱ ተጋግዘው አዳኑት።