በር ላይ የቆመው ቃሬዛ

1.

ቃሬዛው ረዘመ።

ያረዘመው አናጢው ጋሽ እንድሪስ ነው። ጥፋቱ ግን የእኔ፣ የቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ነው። በኮሮና ምክንያት «ሁለት ሜትር ተራራቁ» እያልኩ ቤት ለቤት ስለፈልፍ ከረምኩ። ጋሽ እንድሪስ ሰሙኝ። ተሸካሚዎች ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስዷትን ወላድ ተጠግተው እንዳይተነፍሱባት ብለው የቃሬዛውን እንጨቶች በረጃጅም ባሕር ዛፍ ቀየሯቸው። እኔም አጨበጨብኩ።

2.

ይህ ቁራጭ ስለ አምቡላንሱ ነበር። ተናድጄ ስለጻፍኩት ስድብ በዛበትና ሰረዝኩት። ፍሬ ነገሩ፦ ለኮሮና ሥራ ተወስዷል።

3.

ሰዓዳን ምጥ የያዛት ሐሙስ ረፋድ ላይ ነው። የመጀመሪያ ልጇን ቤት ወልዳ፣ ደም ፈሷት ለጥቂት ነው የተረፈችው። አሁንም ጤና ጣቢያ ካልደረሰች

ይህን ዓረፍተ ነገር አልጨርሰውም። ፈርቼ ነበር።

4. ለተሸካሚዎች የሰጠሁት መመሪያ

ማስክ አድርጉ።
ቶሎ ቶሎ ተቀያየሩ።
አታስቋት።

ሦስተኛውን ማንም አላከበረም። የባሰው ደግሞ ባሏ ይመር ነበር።

5.

ቃሬዛው መታጠፊያ ላይ አልዞር እያለ ገብስ ማሳ ውስጥ ገባን። ባለማሳው ሊቆጣ መጣ። ሰዓዳን ሲያይ ቁጣውን ትቶ አንዱን ጫፍ ተሸከመ።

6.

በር።

የጤና ጣቢያው በር ጠባብ ነው። ከበሩ ገባ እንዳላችሁ ደግሞ የእጅ መታጠቢያ በርሜል ተተክሏል። እንጨቱ በርሜሉን ገጨና ቃሬዛው ቆመ። የሰዓዳ ጭንቅላት ግቢ ውስጥ፣ እግሯ መንገድ ላይ።

7. የተባለው ቃል በቃል

ሰዓዳ፦ አውርዱኝ፣ መጣ።

ዘበኛው፦ መጀመሪያ እጅ መታጠብ ግዴታ ነው።

ሰዓዳ፦ እስቲ ለሚመጣው ልጅ ንገርልኝ።

8.

አዋላጇ ሲስተር ብርዛፍ ጓንቷን እያጠለቀች ሮጣ ደረሰች። ወንዶቹ ቃሬዛውን እዚያው በሩ ላይ አሳርፈው፣ ፊታቸውን አዙረው በጋቢያቸው ከለሉን።

ሴት።

ሲስተር ወዲያው የደም ማቆሚያውን መርፌ ወጋቻት። ደሙን ጠበቅን። ብዙም አልፈሰሰ፣ ቆመ። ያን ጊዜ አለቀስኩ፤ ማስኬ እስኪርስ ድረስ።

9.

የቀረኝ ቅጹ ብቻ ነው። «የተወለደችበት ቦታ» ይላል። ሲስተር ብርዛፍ «እናትየዋ ግቢያችን ገብታለች፣ ልጅቷ የእኛ ናት» ትላለች። ይመር «ልጄ የወጣችው መንገድ ላይ ነው» ብሎ ይከራከራል። ጋሽ እንድሪስ ቅጹ ላይ ሦስተኛ ሳጥን አስጨምረዋል። ሰዓዳ ልጇን እያጠባች በሁሉም ትስቃለች።

እኔ መወሰን አቃተኝ። እስክሪብቶው ይኸውላችሁ።

ጤና ተቋም ☐

ቤት ☐

ቃሬዛ ☐